አውትቦክስ ውስጥ ስለሰነበተችው ማመልከቻዬ

ይድረስ ለኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅታችን የደንበኞች ጉዳይ ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት፣ ወንበርዎም በሙሉ ምቾቱ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ አምስት ቀን መቀመጫ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ስፌት ቤት ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ የሙያ ማሰልጠኛ የልብስ ስፌት አስተማሪ እንደሚፈልግ፣ ማመልከቻም እስከ ዓርብ አስር ሰዓት በኢሜይል ብቻ እንደሚቀበል ሲያስታውቅ፣ ሰኞ በጠዋት ጽፌ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሬ መላክ አልተቻለም አለኝ። የሚመጣልኝ ኢሜይል ያለ ችግር ይገባል፤ የእኔ ግን አውትቦክስ ከሚባለው የወጪ መልእክት ሳጥን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

1. ሰኞ ስደውል ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራ ባለሙያዎ ስለመከሩኝ፣ ማክሰኞም ሌላው ባለሙያዎ ያንኑ ምክር በሚያምር ድምፅ ስለደገሙልኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ የማላውቅ መስሎኝ ነበር።

2. ረቡዕ አካውንቱን ከፕሮግራሙ አጥፍቼ እንደ አዲስ እንድከፍት ስለታዘዝኩ፣ እህቴ በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፈችልኝ ሁሉ ድራሹ ጠፋ። እሷም ያን ሁሉ ሐሜት እንደገና ልጻፍልሽ ወይ ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ ጆሮዬ ስላረፈልኝ ባለውለታዬ ነዎት።

3. ሐሙስ ደግሞ «በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ በኢሜይል ምላሽ ስላልሰጡን አቤቱታዎ ተዘግቷል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ኢሜይል መላክ አቃተኝ ብላ የጮኸችን ሴት ለምን በኢሜይል አልመለስሽም ብሎ መዝጋት ቀላል ጭንቅላት አይጠይቅም፤ ያሰበው ሰው እድገት ይገባዋል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ከመስኮት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ በር ስንቆራጠጥ ባለቤቴ ምንጣፉን አታሳሺው ብሎኝ ወጣ። እኔም የድርጅትዎን ድረ ገጽ እስከ ታችኛው ጥግ ሳነብ፣ ወጪ ኢሜይል በ25 ቁጥር በር (ፖርት) መውጣቱ ካለፈው ወር ጀምሮ እንደቀረና 587 መጠቀም እንደሚገባ የምትገልጽ፣ ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ አገኘሁ። ከኢሜይል ፕሮግራሜ ውስጥ ቁጥሩን ቀየርኩ፤ የይለፍ ቃል ይጠየቅ የሚለው ላይም ምልክት አደረግሁ። ለአስር ሰዓት አስራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሄደች! እልል ያልኩት ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ታዲያ ረቡዕ አካውንቱን እንደ አዲስ ከከፈትኩ ወዲህ «ላክ»ን በተጫንኩ ቁጥር አውትቦክስ ውስጥ ስትደረደር የከረመችው ማመልከቻ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ተከታትላ ወጣች። ማሰልጠኛውም «ፍላጎትዎ በሚገባ ገብቶናል፤ ሰኞ ለፈተና ይምጡ» ሲል መለሰልኝ። ይህን ሁሉ ትጋት ያስመሰለልኝ ድርጅትዎ ነውና እጅ እነሳለሁ።

አቤቱታዋ ተዘግቶ ጉዳዩን ራሷ የፈታች፣
ታማኝ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ፈተናውን ካለፍኩ ከፊት ወንበር አንዱን ለእርስዎ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት የሰው ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ለባለቤቱ መንገር ነው።