ጉርዴን የሰቀልክበት ሜዳ

አባኮ፣ አባቴ፣ እኔ አላስገባኋትም አልኩህ እኮ! የእማዬ ወንድም፣ ኤሱማ፣ ራሱ ነው ላሟን ቡሬን አውሮፕላን ሜዳው ላይ የለቀቃት። አንተ ብትኖር "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የት ሄደሽ ነው?" ብለህ እኔ ላይ ትጮህ ነበር፤ አውቅሃለሁ። ቆይ፣ ልጨርስ።

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። እማዬ ጫማህን አሁንም በር ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ እንግዳ ሲመጣ ያለህ ይመስላል። እኔ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም፤ ስለሱ ዛሬ አንጨቃጨቅ። ያንተን ሜዳ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይጠብቀውም። ከረብሻው ወዲህ ትንሿ አውሮፕላን ጋራችን ላይ ስላላረፈች ኤሱማ "ባዶ ሳር ነው፣ በቆሎ ይዘራበት" ብሏል። ነገ ጠዋት በሬ ሊጠምድ ነው። ሳሩን ባንተ ማጭድ እያጨድኩ ዝቅ ያደረግኩት ለእሱ ማረሻ ነበር እንዴ?

ትዝ ይልሃል፣ ከመምህሩ ተጣልቼ ደብተሬን ወርውሬ የመጣሁ ጊዜ? በማግስቱ ሰማያዊውን የዩኒፎርም ጉርዴን ከገመድ ላይ አወረድክና ወገቡን በሽቦ ወጥረህ ረጅሙ እንጨት ጫፍ ላይ ሰቀልከው። ነፋሱን ለአውሮፕላኗ የሚያሳየው ጨርቅ ተቀዶ ነበር ለካ። "አንቺ ካቋረጥሽ ጉርዱ ለምን ስራ ይፈታል?" አልከኝ። እንዴት እንዳበድኩ! የሰፈሩ ልጆች "የጫልቱ ጉርድ ዛሬ ወደ ነቀምቴ ዞሯል!" እያሉ ሲስቁብኝ፣ ድንጋይ አንስቼ አሳደድኳቸው፤ አንተን ደግሞ አኮረፍኩህ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጆቹ "ጢያሪ ዱፌ! አውሮፕላኗ መጣች!" ብለው ጮኹ። ከላይ ስትዞር ከብት አስወጡ ማለቷ ነው። ኩርፊያዬን ረስቼ አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ ሮጥን። ያቺ ደረቅ ቡሬ እንደ ልማዷ መጨረሻ ወጣች። አውሮፕላኗ በገደሉ በኩል ገባች፤ ጎማዋ የሜዳውን ታችኛ ጫፍ ነክቶ ሽቅብ እየሮጠች እግራችን ስር ቆመች። ካፒቴኑ ወርዶ "የማን ጉርድ ነው?" አለ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። "ላይ ሆኜ ከሱ በቀር የማምነው የለም" ሲል ግን አንገቴ አንድ ክንድ ረዘመ። አንተ ወደ ሌላ ዞረህ ሳቅክ። አይቼሃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስልክህ ጠራ። ካፒቴኑ ነው። "አባ ጫልቱ፣ ሰላም ነው? ነገ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ይዤ ልምጣ? ሳሩ እንዴት ነው?" አለ። ማረፍህን አልሰማም፤ ነገርኩት። ከዚያ "እንግዲያው አንቺ አይተሽ ንገሪኝ። ማታ እደውላለሁ" አለኝ።

ሄድኩ። እንዳንተ ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን እየተከልኩ ወረድኩ። ላይኛው ደርቋል። ገደሉ ጋ ስደርስ ግን፣ ጎማዋ የሚነካበት ቦታ፣ ተረከዜ የተወው ጉድጓድ ውሃ ቋጠረ። ሌላ ቦታ ሞከርኩ። ቋጠረ። ዝናቡን ሰደብኩት።

አባኮ፣ ካፒቴኑን "ና" ብለው እኮ ሁሉም ያልቃል። አውሮፕላን የቆመበትን ሜዳ ኤሱማ ሊያርስ? አይደፍርም። "ና" ማለት ምላሴ ላይ ነው። ግን ጭቃው ጎማዋን ቢይዘውስ? አንተ ውሃ የቋጠረ ሳር ላይ ሰው ጠርተህ አታውቅም፤ ማንም ቢለምንህ።

ስለዚህ "ነገ አይሆንም፣ ከነገ ወዲያ ፀሐይ ከመታው ና" ነው የምለው። ነገ ጠዋት በሬዎቹ ፊት እቆማለሁ፤ ኤሱማ ከፈለገ እኔን አርሶ ይለፍ። ጉርዱን አጥቤ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ቢቀደድ እሰፋዋለሁ፣ ቢያልቅ ከሌላ ልብሴ እቆርጣለሁ። እሱን ባየሁ ቁጥር አንተን ነው የማየው።

ግን ኤሱማ እኔን አይሰማም፤ የሚፈራው አንተን ነው። አንድ ቃል በለው። ስልክህ እጄ ላይ ነው፣ ቻርጅ ሞልቷል። እንደ ልማድህ ሚስኮል አድርገህ እንዳትዘጋው፣ መልሼ የምደውልበት ቁጥር የለኝም። ሳይጨልም ደውል።