ሁለቱ ኳርተርባኮችና የእኔ ስለት

ቅዳሜ
እልል አልኩ። የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ልጄ ናቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ሆኖ ከተቀመጠበት ተነስቶ ሄልሜቱን ሲያጠልቅ አየሁና ለቀቅኩት። ባሌ ግርማ ክንዴን ያዘኝ። «ምን ሆነሻል? ልጁ እኮ ተጎድቷል!» ለካ ዋናው ኳርተርባክ፣ ኳስ ወርዋሪው ጄይለን፣ ጉልበቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተኝቷል። እናቱ ከፊታችን ነበረች። ዞራ አየችኝ።
ተሸነፍን። አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ ያለው ቤታችን እስክንደርስ ግርማ ሬዲዮ ከፍቶ ነዳ።

እሑድ
ቤተ ክርስቲያን መቆም አቃተኝ። ክረምት ላይ «ናቲን አጫውትልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ለገብርኤል ተስያለሁ። ናቲ ሜዳ እንዴት እንደሚገባ ግን አልተናገርኩም።

ማክሰኞ
ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሁለቱንም ጨዋታ በስልኬ ደጋግሜ አየሁ።
ክንድ፦ ናቲ ይበልጣል። እናቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ አሰልጣኙም ብሏል።
ሩጫ፦ ናቲ።
ቁመት፦ ናቲ። ወደ ወንድሞቼ ነው የሄደው።
ታዲያ ለምን ተሸነፍን? ጄይለን የወረወረለት ልጅ ኳሷ ስታመልጠው ጄይለን ይስቃል፤ ሄዶ የልጁን ሄልሜት መታ ያደርግለታል። በሚቀጥለው ያ ልጅ ይይዛታል። ናቲ ሲገባ ያው ልጆች ናቸው፣ ግን ሁሉም እጃቸው ይደርቃል። የኔው ደግሞ ያፈጥጥባቸዋል።
ተናደድኩ። እውነት ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ሐሙስ
ናቲ ከኮሌጁ ደወለ። «ማሚ፣ እኔ ከጄይለን ቤተር ነው የምወረውረው፣ ራይት? ግን ቲሙ ትረስት አያደርገኝም።»
ልዋሽለት ነበር። «ጄይለንን ጠይቀው» አልኩት።
«እሱ እኮ ኢንጀርድ ነው።»
«አፉ አልተጎዳም።»


ቅዳሜ
ጄይለን በክራንች መጣ። ናቲ ከሜዳ በወጣ ቁጥር ጆሮው ስር ያወራዋል። መጀመሪያ ላይ ያው ነበር፤ ኳሷ ታመልጣለች፣ ናቲ ያፈጥጣል። በኋላ ግን አንዱ ሲስት ሄዶ ሄልሜቱን መታ አደረገለት። ሳቀ ልጄ! አሸነፍን።
እልል አላልኩም። የጄይለንን እናት በዓይኔ ፈለግኳት፤ አልመጣችም።

እሑድ
ጃንጥላውን አስገባሁ። ዲያቆኑ «በማን ስም ይጻፍ፣ እናቴ?» አለኝ። ናቲ ልል አፌን ከፍቼ «ጄይለን» ብዬ አረፍኩት።
«ክርስትና ስሙስ?»
«አላውቅም።»
«የእናቱስ ስም?»
ሁለት ዓመት ከኋላዋ ተቀምጬ ስሟን አላውቅም። አፈርኩ።
ማታ ናቲ የስልክ ቁጥሯን ላከልኝ። ዴኒስ ትባላለች። ጄይለን ማክሰኞ ነው ሰርጀሪ የሚያደርገው። ሁለቴ ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁ። በሦስተኛው አነሳችው፤ ያለኝ እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። «የዚያን ቀን የጮህኩት እኔ ነኝ» አልኳት።
«አውቅሻለሁ» አለችኝ።
አልዘጋችብኝም።