ካሜራ ያልደረሰለት ክምር

ይድረስ ለክቡር የከተማ ገጽታና የእንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ መኪናዎም በሄደችበት ሁሉ ማቆሚያ የማታጣ ትሁን እያልሁ ከላሊበላ ዳርቻ፣ ከጽድ በር ሠፈር ሆኜ እጅ እነሣለሁ። እኔ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ እባላለሁ። ጠዋት ጠዋት ለተማሪዎች ዜማ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሠፈሬ ሰው ሁሉ ገበሬ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በቢሮዎ ደጅ በተመላለስሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ሣራ በታላቅ ትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ስብሰባውን ላለማቋረጥ ብዬ ነው።

ለገና እንግዶች ያሠሩትን «የዕለት ኑሯችን» የተባለውን ፊልም ሰሞኑን በአዳራሹ አየን። እውነቱን ለመናገር ኑሯችን እንደዚያ ማማሩን እስከዚያች ቀን አናውቅም ነበር። ሠፈራችን ከተማ እንዳይባል በሬ አለበት፤ ገጠር እንዳይባል ደግሞ የቤት ቁጥር ተለጥፎበታል። አስጎብኚዎቻችን ቀኑን በሦስት ቋንቋ ሲያስረዱ ውለው ማታ ኮታቸውን አውልቀው ለከብት ድርቆሽ ይሰጣሉ። ባጃጁ ከአህያው ኋላ ጡሩምባውን እየነፋ ይከተላል፣ አህያው ግን መንገዱን ከባጃጁ በፊት የያዘው መሆኑን ስለሚያውቅ አይቸኩልም። ይህ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ የለም። ያለው አውድማው ነው፤ እኔም የምጽፍልዎ ስለ አውድማው ነው።

ቅሬታዎቼን ለክብርዎ በሚመች መልኩ በቁጥር ለይቻቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ከሠፈራችን በላይ ካለው ኮረብታ ላይ አባቶቻችን ገብስና ስንዴ ሲያበራዩበት የኖሩትን አውድማ የቱሪስት መኪና ማቆሚያ ስላደረጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። አጥር አጠሩልን፣ በኖራ መስመር አሰመሩልን፣ «ከቱሪስት መኪና በቀር ማንኛውም ነገር መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከሉልን። የቀረው መኪናው ብቻ ነው። ጎብኚዎች ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ አቧራቸውን ትተውልን ይሄዳሉ እንጂ አይቆሙም። እስካሁን አጥሩን አልፈው የገቡት ጎማው የፈነዳበት የፍላቂት ሚኒባስና ነዳጅ የጨረሰ ባጃጅ ናቸው፤ እነሱም ቱሪስት አለመሆናቸው ስለተደረሰበት ተገፍተው ወጡ።

ሁለተኛ፤ በምትኩ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን ጎድጓዳ ሜዳ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ቦታው ምንም አይወጣለትም፣ ነፋስ አይገባበትም እንጂ። ገለባውን በመንሽ ወደ ላይ ስንወረውረው ዞር ብሎ በራሳችን ላይ ይወርዳል። እኔ በዚያ ሜዳ አንድ ቀን ሞክሬ ስመለስ፣ ባለቤቴ ባንችይርጋ ጥምጣሜን አይታ ወፍ ጎጆ የሠራችብኝ መስሏት ነበር።

ሦስተኛ፤ ጥበቃው ታፈረ። ታፈረ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በዚያው አውድማ ገለባ ውስጥ ሲንከባለል ያደገ ነው። ዛሬ ፊሽካ ሰጥተውታልና በሬ ከሩቅ ባየ ቁጥር ይነፋል። በሬዎቻችን ፊሽካ ሲሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አልተማሩም፤ እኔም የማስተምረው ዜማ ስለሆነ ልረዳቸው አልቻልሁም።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ነገር ግን በቁጥር የሚገባ አይደለምና እንዲሁ ልንገርዎ።

እትዬ የሺሃረግ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። የዓመት ቀለባቸውም የከርሞ ዘራቸውም በደጃቸው የቆመው አንድ ክምር ገብስ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመናው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አልነሣ አለ። ዝናብ ክምር ውስጥ ከገባ ገብሱ እዚያው ይበቅላል፣ የቀረው ይሻግታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓመት የሰው ደጅ መቆም ነው። እትዬ የሺሃረግ ደግሞ በሰው ደጅ ቆመው የማያውቁ ሴት ናቸው። በየጠዋቱ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ፣ ቀጥሎ አጥሩን ያያሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ። ያንን ማየት እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ ይህንን ያለ ቀልድ ነው የምነግርዎ።

በዚህ መሐል ፊልም ሠሪው ወንድምአገኝ በእርስዎ ደብዳቤ መጣ። እንግዶች የሚወዱት የእህል ማበራየት ትዕይንት ፈልጎ ሠፈሩን ዞረና፣ ሰማዩም ተራራውም አብሮ የሚታየው ከኮረብታው ላይ ብቻ ነው አለ። በፊርማዎ አጥሩ ተከፈተ፤ ሰሌዳው ለካሜራው ስለማያምር ተነቀለ። የበሬ እበት አገኘሁ ብሎ ሲከሰን የከረመው ታፈረም አውድማው በደንብ ይለቅለቅ ስለተባለ፣ ፊሽካውን በደረት ኪሱ ከትቶ ከየበረቱ እበት ሲያመላልስ ዋለ። ክቡር ሆይ፣ ልጁን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ወንድምአገኝ የፈለገው ለማሳያ የሚሆን ጥቂት ነዶ ነበር። እኛ የእትዬ የሺሃረግን ክምር እንዳለ ተሸክመን መጣን። «ይህ ሁሉ ለምን?» ሲል፣ አስጎብኚው አረጋ፣ የበሬዎቹ ባለቤት፣ በሙያው ለምዶታልና «ከኋላ ሲታይ ግርማ ይሰጣል» ብሎ አሳመነው። በሬዎቹ መዞር ሲጀምሩ እትዬ የሺሃረግ ወደ አረጋ ጠጋ አሉና፣ «አደራህን አረግዬ፣ ገብሱ ከገለባው ሳይለይ ትዕይንቱን እንዳታሳምርላቸው» ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እግዚአብሔርና የፊልሙ ባለሙያዎች ያውቁታል።

መጀመሪያ እኔ ካሜራውን አተኩሬ አየሁ፤ ማየት ክልክል ነው ተባለና ተደገመ። ቀጥሎ የአረጋ ስልክ በወገቡ ላይ ጮኸ፤ ተደገመ። ቀጥሎ እኔን ሳል ያዘኝ። ዜመኛ ሲስል ከልቡ ነውና ድምፅ የሚቀዳው ባለሙያ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጣለ፤ ተደገመ። በተደገመ ቁጥር አረጋ «የተረገጠው ለካሜራ አያምርም፣ አዲስ ነዶ ይነስነስ» ይላል፤ ወንድምአገኝም «ልክ ነህ» ይለዋል። ክምሩ እያነሰ፣ የወንድምአገኝ ትዕግሥት ደግሞ ከክምሩ ቀድሞ እያለቀ ሄደ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ተነሣ። ገለባው በብርሃኑ ውስጥ ሲበተን ያ ሰው ድካሙን ሁሉ ረስቶ «አታቁሙ! አታቁሙ!» እያለ ጮኸ። በሕይወቴ ከባለሥልጣን የመጣ ትእዛዝ እንደዚያ በደስታ ፈጽሜ አላውቅም። ምርቱ ተከምሮ እትዬ የሺሃረግ በአጠገቡ ተቀምጠው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አየኋቸው።

ክቡርነትዎም የዚያን ጊዜ ደረሱ። ከምርቱ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነው፣ ፈገግ ብለው፣ ባህላችንን ስለመጠበቅ አጠር ያለ ንግግር አደረጉ። ስልክዎ ጠራና ሄዱ።

በማግስቱ አጥሩ ተዘጋ፣ ሰሌዳው ተመለሰ፣ ታፈረም ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። የእትዬ የሺሃረግ ገብስ በጎተራ ነበር። የአረጋና የእኔ ክምር ግን ካሜራ ስላልመጣላቸው በደጅ ነበሩ። ሸራ አለበስናቸው፤ ቢሆንም ባለቤቴ እጇን ወደ ክምሩ ብትሰድ የላይኛው ነዶ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ውስጡ ገና ደረቅ ነው። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ በዚህ ዕድሜዬ በአጥር ላይ መናደድ ያሳፍራል፣ ግን ተናድጃለሁ።

ፊልሙ እንደ ነገርሁዎ እጅግ አምሯል። እትዬ የሺሃረግ በአዲስ ነጠላ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ራሳቸውን ሲጠብቁ አመሹ። በእርሳቸው ቦታ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ሔለን የምትባል ልጅ ከከተማ መጥታ ወንፊት ይዛ ትታያለች፤ የእርሳቸው ሹራብ ባህላዊ አይደለም ተብሎ እጃቸው ብቻ ቀርቷል። «የእኔስ እጅ ነው፣ አወቅሁት» አሉና ወጡ። በመጨረሻም አንድ የሚያምር ድምፅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ይህ የማበራየት ባህል እንዳይጠፋ ሌት ተቀን እንደሚሠራ ይናገራል። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ማን ሊያጠፋው እንደሚችል ግን ድምፁ አልተናገረም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ነፋሱ ሳለ፣ የክምራችንም ውስጥ ደረቅ ሳለ አውድማው ይከፈትልን። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ግን ካሜራውን መልሰው ይላኩልን። ሳል ቢያስፈልግ እስላለሁ፤ ሔለንንም በደስታ እንቀበላታለን። ባዶ ካሜራም ቢሆን አንከፋም።

ከእግርዎ በታች ሆኜ፣ ከአጥርዎም በውጭ ቆሜ፣ ከበሬዎቹና ከባለ በሬዎቹ ጋር መልካሙን ሁሉ የምመኝልዎ፣

የክቡርነትዎ ትሑት ተዋናይ
መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ
ከጽድ በር ሠፈር

ማስታወሻ፦ በፊልሙ ላይ የዘገኑት እፍኝ ገብስ ወደ ምርቱ ሲመለስ ስላልታየ፣ በስልክዎ ሲያወሩ አብሮዎት ወደ መኪናው መግባቱን ታፈረ መስክሯል። እትዬ የሺሃረግ ለዘር የለዩት ምርጥ ገብስ ነበር። ላስመልስልዎ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ተዋቸው መሪጌታ፣ አይመልሱት፤ በግቢያቸው ይዝሩት። ደርሶ የታጨደ ለት፣ የት ወስጄ ልውቃው ብለው ያን ጊዜ ይጨንቃቸዋል።»