በሲባጎ የታሰረ ሳፋ

ውድ ማላኪ፣

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። በወጣትነታችን አንተ ከባቡሩ ላይ፣ እኔ ከበሩ ሥር ሆነን ስንጯጯህ ኖርን፤ በስተርጅናችንም እሑድ እሑድ አንድ ጨርቅ ለሁለት ይዘን ብረት ስንወለውል ከረምን። ምን ብዬ ልጽፍልህ? ከሞትክ ሦስት ዓመት ሆነህ፤ ለሞተ ሰው መጻፍ ይቀላል ብዬ ተቀመጥኩ። አይቀልም። ሁለት ወረቀት ቀድጄ ነው ይህን የጀመርኩት።

ነገ ጠዋት ክሬኑ ይመጣል። ገረዲትን፣ ያቺን አሮጌ የእንፋሎት ባቡራችንን፣ አንስተው ከከተማው መግቢያ፣ ከአደባባዩ መሀል ሊያቆሟት ነው። መንኮራኩሮቿን ከሐዲዱ ጋር ይበይዷቸዋል፤ ዙሪያዋን አበባ ይተክላሉ። ከማኅበራችን ሰባት ሰዎች ቀርተናል፤ ስድስቱ እጃቸውን አወጡ። እኔ አላወጣሁም፤ አልተቃወምኩምም። በምን አፌ? ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ። አንተ ይህን ሳታውቅ ሄድክ። ሁለት ነገር ልናዘዝልህ ነው፤ አንዱ ስለ እሷ፣ ሌላው ስለ ጆሮህ።

በቅድሚያ ግን ዶሮዋን ላንሳብህ።

እናቴ ኪልኮርኒ ላይ የመኪናው መንገድ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት በር ጠባቂ ሳለች፣ አንተ የጭነት ባቡሩ ላይ እሳቱን የምትመግብ ጎረምሳ ነበርክ። ለበር ጠባቂ ቤት ከሰል መጣል የሁላችሁም ልማድ ነበር፤ ነጂው ወዲያ ዞር ይላል፣ እሳት መጋቢው በአካፋ አንድ ሁለት ጉማጅ ወደ ደጃችን ይገፋል። ሌላው ሰው በልክ ይጥላል። አንተ ግን እኔ ደጅ ከቆምኩ የሰው ራስ የሚያህለውን ትመርጣለህ። አንድ ቀን የእናቴን እንቁላል ጣይ ዶሮ መሀል አናቷን አገኘሃት። እናቴ በሩን እንደያዘች፣ "ይሄ ልጅ ወይ ሊያገባሽ ነው ወይ ሊፈጀን ነው፤ ቶሎ ይወስን!" ብላ ጮኸች። አንተ ቆብህን አውልቀህ፣ "በድንች ቀቅሏት፤ ስመለስ እራት እመጣለሁ!" አልክ። ነጂው በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። አልመጣህም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪታን አገባህ፤ ሠርግህ ላይ ጨፈርኩ። ሪታ ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፤ በእሷ ላይ ከአፌ ክፉ ቃል አይወጣም። ግን ያን ቀን ዶሮዋን ቀቅዬ እንደጠበቅሁህ ዛሬ እወቀው።

ገረዲት ያኔም አሮጊት ነበረች። ትልልቆቹ የመንገደኛ ባቡሮች በጥንት ንግሥቶች ስም ሲጠሩ የእኛዋ ቁጥር ብቻ ነበራት፤ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትሸከም ገረዲት ያላችኋት እናንተ ናችሁ። በሬ ጎተተች፤ በግ ጎተተች፤ የጥቁር ቢራ በርሜል ጎተተች። በጦርነቱ ዘመን ከእንግሊዝ የሚመጣው ከሰል ሲቋረጥ፣ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር እየነደደባት ያንኑ አፈር ለደብሊን ምድጃ ታመላልስ ነበር። አባቴ "ቀርፋፋ ናት እንጂ ታማኝ ናት" ይላት ነበር። ከመከር በኋላ ደግሞ ስኳር የሚወጣበትን ሥር ጭና ወደ ቱዋም ፋብሪካ። የናፍጣ ባቡር ሲመጣ ከጥቂቶቹ በቀር መሰሎቿ ተቆራርጠው ቀለጡ፤ እሷ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ቆማ እንፋሎት እንድታፈላ ተወስዳ ከጓሮ ተረሳች። ሃያ ዓመት አልፎ እሾህ በቅሎባት ያገኘሃት አንተ ነህ። "ዴርቭላ! ገረዲት በሕይወት አለች!" እያልክ ደጄን ስትደበድብ፣ እኔ ደግሞ የማን ቤት ገረድ ናት ብዬ ግራ ገባኝ።

እሷን ማደስ አንተንና የማኅበሩን ሰዎች አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀባችሁ። እኔ ሻይ ላፈላላችሁ መጥቼ የዘይት ቆርቆሮ አስያዝከኝ። መጀመሪያ ጊዜ እንፋሎት የያዘች ዕለት በዚያች በጣቢያው ግቢ ባለች፣ ግማሽ ማይል በማትሞላ ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትሄድ፣ ሊያዩ ከመጡት ሕፃናት ይልቅ ያለቀሳችሁት እናንተ ሽማግሌዎቹ ነበራችሁ። ሪታ ካረፈች በኋላ እሑድ ለእኔም ለአንተም ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ገረዲት ሆነች። ደስተኛ ነበርኩ፤ ነግሬህ አላውቅም።

አሁን ወደ ሳፋው ልምጣ።

የብርድ ወራት ሥራ የእኔ ነበር። ባቡር ለብርዱ ስትቆም ጭስ ማውጫዋ ይከደናል፤ ካልተከደነ ዝናቡ በዚያው ገብቶ መንኮራኩሮቿን ወደሚገፉት ሲሊንደሮቿ ይወርዳል፣ የተጠራቀመውን ውሃ ውርጭ ሲመታው ያብጥና ብረቱን ይሰነጥቃል። መክደኛዋ የእኔ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። በመጨረሻው ዓመትህ፣ በጥቅምት፣ ደረትህን አሞህ ጎልዌይ ሆስፒታል ገባህ። ልጠይቅህ ስመጣ ገና ሳልቀመጥ ጀመርከኝ።

"ሳፋውን ደፋሽባት?"

"ደፋሁባት።"

"በምን አሰርሽው?"

"በሲባጎ።"

"ሲባጎ የፖስታ ጥቅል ማሰሪያ ነው። ሽቦ አድርጊበት።"

"ነገ አደርጋለሁ።"

"ነገ ነገ አትበዪኝ፣ አንቺ በረኛ!"

ከዚያ ብርድ ልብሱን በጣትህ ስትፈትል ቆየህና፣ "ዴርቭላ፣ ኩሽናዬ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ" አልከኝ። "በአንዱ ላይ ጋዜጣ ነው የሚቀመጠው።"

"ታዲያ ጋዜጣውን አንሳዋ።"

"አንቺ ተቀመጪበት እያልኩሽ ነው። ቄሱንም አማክሬያለሁ።"

ሻይ የምትቀዳው ነርስ ሰማችን። "እሰይ ሙሽራው!" ብላ እያጨበጨበች ለክፍሉ ሁሉ አሰማች። እኔም ሳቅሁ። ማላኪ፣ ከድንጋጤ ነው የሳቅሁት። ሃምሳ ዓመት የጠበቅሁት ነገር በሻይና በመድኃኒት ሽታ መሀል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላውቅበትም። "በሰባ አምስት ዓመትህ? ያውም የእናቴን ዶሮ ገድለህ?" አልኩህ፤ በሽተኞቹ ሁሉ ሳቁ። አንተ ግን ወደ ግድግዳው ዞርክ። መልሴ አዎ ነበር። በአውቶቡሱ ሙሉ መንገድ አዎ፣ አዎ እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከዚያ በኋላ ወደ ጣቢያው ግቢ መሄድ ፈራሁ። እዚያ ያለው ሁሉ አንተ ነህ፤ ጨርቁም፣ ቁልፉም፣ ማሰሮ የሚያህለው የሻይ ኩባያህም። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ፤ ሽቦው ከኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በኅዳር ያ አውሎ ነፋስ መጣ። ሲባጎው ተበጠሰ። ሳፋውን ነፋሱ ወስዶ ከጎረቤት በጎች መስክ ጣለው፤ ዝናብ ሞልቶት በጎቹ ይጠጡበት ነበር አሉ። ያ ሁሉ ዝናብ በጭስ ማውጫዋ ወረደ። ከሲሊንደሮቿ ሥር ያሉትን የውሃ ማፍሰሻዎች ከፍቼ ነበር የተውኳቸው፤ ግን በጥላሸትና በዘይት ዝቃጭ ተደፍነዋል። ከዚያ ውርጩ። የዚያን ዓመት ብርድ ታስታውሳለህ፤ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ በእግሩ ሄዷል።

ገናን አሳልፌ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሄድኩ። ውሃ ሊንጠባጠብ ከማይገባው ቦታ ይንጠባጠባል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት፤ ጣቴ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩ። የጋራዡ መካኒክ ፊንታን መጥቶ እስኪያነሳኝ ድረስ የተነሳሁ አይመስለኝም።

ፊንታን ከቤልፋስት የተሰነጠቀ ብረት የሚሰፋ ሰው አስመጣ። ሰውየው በመዶሻ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ፤ እንደ ሐኪም። "አንድ ስንጥቅ ቢሆን እሰፋው ነበር፣ እመቤቴ" አለኝ። "ይሄ ከአንደኛው ሲሊንደር ተነስቶ ሁለተኛው ድረስ ሄዷል። ብረት ቀልጦ እንደ አዲስ ይሠራ ብትሉ ደግሞ ቅርጹን ያወጡት ሰዎች ከሞቱ መቶ ዓመት አለፋቸው።" ስንቱን ጠየቅን፤ ስንት ቦታ ጻፍን። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ሄደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የገባውን ውሃ ማውጣት አቃተኝ።

አንተን ከሆስፒታል አውጥተው ከከተማችን የአረጋውያን ቤት አስገቡህ። መስኮትህ ከጣቢያው ግቢ ግማሽ ማይል አይርቅም። ስለ ወንበሩ አላነሳህም፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አላነሳሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኸኝ፤ "አንዴ አንድዷትና ፊሽካዋን ልስማ።" እኔም አፌን ሞልቼ እሑድ ትሰማታለህ አልኩህ።

እንዲህ ተሰንጥቃ እሳት ማንደድ ስለተከለከለ፣ ፊንታን አስፋልት የሚሰብሩበትን የአየር መጭመቂያ ተውሶ ፊሽካዋ ላይ ገጠመው። "ሰውየው አርባ ዓመት ከባቡር ጋር የኖረ ነው፤ በአየር ታታልዪዋለሽ?" አለኝ።

"ሊሞት ነው፣ ፊንታን።"

"እሱማ አዎ። ቢሆንም…" አለና መፍቻውን አነሳ።

ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ፊሽካው ጮኸ። ልክ የእሷ ነው፤ እኔ ልዩነቱን አልሰማሁም። ከትራስህ ቀና አልክ፤ ፊትህ በራ። ከዚያ ተመልሶ ጠፋ።

"ይሄ እንፋሎት አይደለም" አልክ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"እንፋሎት መጀመሪያ ይተፋል። ቱቦው ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃ አለ፤ እሱን እትፍ ብሎ ነው የሚጮኸው። ይሄ ሳይተፋ ጮኸ። ነፋስ ነው።" ክንዴን ያዝከኝ። "ምን ሆነች፣ ዴርቭላ?"

ያኔ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ትቆጣኝ ነበር፤ ትሰድበኝ ነበር፤ ምናልባትም ይቅር ትለኝ ነበር። እኔ ግን፣ "ምንም አልሆነችም። ጆሮህ ነው፣ ማላኪ፤ አርጅቷል" አልኩህ።

አየኸኝ። ረጅም ጊዜ አየኸኝ። ከዚያ ክንዴን ለቀቅህና፣ "እንዲያ ከሆነማ ጆሮዬም ሄዷላ" አልክ።

ዓይንህ ከደከመ፣ እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ከአካልህ የቀረህ ጆሮህ ብቻ ነበር፤ ሩቅ ተቀምጠህ የትኛዋ ባቡር እንደመጣች፣ ነጂዋ ማን እንደሆነ በድምፅ የምትለይ ሰው ነበርክ። እሱንም እኔ ቀማሁህ። ከዚያ ወዲያ የአረጋውያኑ ቤት ነርስ ሬዲዮ ስትከፍትልህ፣ "ተዪው፣ ጆሮዬ አይታመንም" ትላት እንደነበር ነገረችኝ። በዘጠነኛው ቀን ሞትክ። ሬሳህን ስንጠብቅ ባደርንበት ቤት ሰዉ ሁሉ እጄን እየጨበጠ፣ "መጨረሻ ላይ ፊሽካዋን አሰማሽው፤ ተባረኪ" ይለኛል። እኔም አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ሄድኩ። ፊንታን መሰላሉን ያዘልኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ መሰላል መውጣቴ እያናደደው። ሳፋውን፣ ያንኑ ነፋሱ ያጣመመውን፣ ጭስ ማውጫዋ ላይ ደፋሁት።

"ነገ አደባባይ ላይ ተበይዳ ልትቀር፣ ዛሬ ሳፋ?" አለኝ ከታች። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።"

"አውቃለሁ። መሰላሉን አጥብቀህ ያዝ።"

"ሊቀ መንበሩ ለምረቃው ያስነሳዋል እኮ።"

"ያስነሳው።"

ነገ የክብር እንግዳ ብለው ከፊት ያስቀምጡኛል። ስለ ገረዲት ታሪክ ንግግር አድርጊ ብለውኛል፤ ዕድሜ ጣላት እላለሁ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ወኔ የለኝም። ለአንተ ግን ይኸው። ጆሮህ ምንም አልሆነም ነበር፣ ማላኪ። ነፋስ ነው ያልከው ነፋስ ነበር።

ይህን ስጽፍ ዝናቡ ጀምሯል። ሳፋውን በሽቦ አስሬዋለሁ።

በረኛህ፣
ዴርቭላ