ከመጠለያው ሳይወጣ ስለተሸለመው ጎማ

ለተከበሩ የንብረትና ሥምሪት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ሰላምንና ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ፤ ከወንበርዎ ሳይነሱ የሦስት ቀን መንገድ ጎማ መምረጥ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምገምት፣ ወንበርዎንም ደህና ያቆይልዎት።

እኔ ለሩቅ ጤና ጣቢያዎች በሞተር ሳይክል መድኃኒት የምታደርሰው ሠራተኛዎ እናት ነኝ። አባቷም ከእርስዎ በፊት በነበሩት ኃላፊ ዘመን በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር፤ መመላለሱን ካቆመ ቆይቷል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት እሱ ይዞት ይመጣ ከነበረው ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ስለሆነ፣ በጽሑፌ ስህተት ቢያገኙ ያርሙኝ፤ እርማትዎ ከጎማዎ ፈጥኖ እንደሚደርሰኝ አልጠራጠርም።

፩ኛ. ለምስጋና የሚቀድመው «የጎማ ቆጣቢ» ሽልማትዎ ነው። ጎማው ሳያልቅ ብዙ የቆየለት ሠራተኛ በየዓመቱ በጭብጨባ መካከል በመስታወት የተሸፈነ የምስክር ወረቀት እንዲቀበል ካደረጉ ወዲህ፣ የሠራተኛው ጠባይ እጅግ ታርሟል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጣቢያ ያዳርስ የነበረው አሽከርካሪ አሁን ካርቶኑን ለአውቶቡስ ረዳት አደራ ሰጥቶ ጎማውን ጥላ ሥር ያሳርፋል። ካርቶኑ ደረሰ አልደረሰ የሚጠይቅ የለም፤ ጎማው ግን በየወሩ በማስመሪያ ይለካል። ልጄ የተመደበላትን ጣቢያ ሁሉ ስለምታዳርስ ጎማዋ ያልቃል፣ ስለዚህም በሙሉ ስብሰባ ፊት «ጎማ በሊታዋ» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋታል። ባልደረቦቿም ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር «እሺ እቴ፣ ዛሬ የፊቱን ነው የኋላውን የምትበዪው?» እያሉ ማዕረጉን ያከብሩላታል።

፪ኛ. የዘንድሮውን ተሸላሚ በተመለከተ ፍርድዎ እንከን የለበትም። ከጎማው ጥርስ በእውነት አንዲት ቅንጣት አልጎደለችም። የተገጠመበት ሞተር ሳይክል ሞተሩ ለመለዋወጫ ከወጣበት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ካለው መጠለያ ጥግ ንቅንቅ አላለም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል፣ ዘበኛውም ካፖርቱን ይሰቅልበታል። ተሸላሚው ሠራተኛ ራሱ ወረቀቱን ሲቀበል ሳቁን መዋጥ አቅቶት ሳል አስመስሎታል ይባላል። እርስዎ ግን ከዚህ ትልቅ ትምህርት ቀስመው፣ ይህን ያህል ዘመን ያልተበገረ ጎማ ለረጅሙ መንገድ ይገባል በማለት ተፈትቶ ለልጄ ሞተር የፊት እግር እንዲገጠም አዘዙ።

፫ኛ. ልጄ ጎማውን እቤት ይዛው ስትመጣ እንደ ልማዴ አነበብኩት። ጎኑ ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ በተሠራበት ሳምንት ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በጥርሶቹ መካከል ገለጥ ሳደርገው እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሬ ብጫነው እንደ ጣውላ እምቢ አለኝ። ክቡርነትዎ ይህን «ጥንካሬ» ብለውታል።

የሥራዎ ብዛት ከፈቀደልዎ፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጎማ እንዴት እንደሚመርጥ ባጭሩ ላመልክት። ጥርሱ ግዙፍና የተራራቀ ጎማ ጭቃውን ይቧጥጣል፣ አስፋልት ላይ ግን እንደ ማጥፊያ ላጲስ ያልቃል። ጠፍጣፋው አስፋልት ላይ ያምርበታል፣ ጭቃ ሲያይ ይከዳል። ድርቅ ያለው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ የሚያሳጥረው የራሱን ሳይሆን የተቀመጠበትን ሰው ዕድሜ ነው። የልጄ መንገድ ግማሽ ቀን አስፋልት፣ የቀረው ሁሉ ጠጠርና የሸክላ አፈር ስለሆነ፣ መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ ጎኑ ወፍራም፣ የሣጥኖቹን ክብደት የሚችልና በቅርብ የተሠራ ጎማ ያስፈልጋታል። የግቢዎ ጎሚስታም ይህንኑ ነግሮዎት ነበር፤ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል ሰው ስለ ጎማ ምን ያውቃል ብለው መመለስዎን ሰምቼ አስተዋይነትዎን አደነቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ትወጣለች። በቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው እጅ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው አልነገረኝም፣ የሚነግረኝ አልተመለሰምና። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጎማ በአባቷ ሞተር ላይ አይቼ፣ ነገር አበዛች እንዳልባል ዝም ብያለሁ። ያንን ከማን ጋር እንደምነጋገርበት አውቃለሁ፤ ከእርስዎ ጋር አይደለም። ከእርስዎ ጋር የምነጋገረው ስለ ሰኞ ነው፦ ልጄ በዚህ ጎማ አትወጣም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማስመሪያዎና ስለ ጭብጨባው በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ከወንበርዎ ከፍታ እጅግ ዝቅ ብዬ፣ ከመንገዱ አቧራ ግን ሳልርቅ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣዎት፣

የ«ጎማ በሊታዋ» እናት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ዓርብ ዕለት በእጄ ይዤ መጥቼ፣ ጸሐፊዎ ስለ ጎማ ቁጠባ ስብሰባ ላይ ነዎት ብላ ስለመለሰችኝ፣ ሁሉም እንዲያነበው ለአደባባይ አብቅቼዋለሁ። ልጄ ሰኞ በሰላም ወጥታ ትናንት በሰላም ተመልሳለች። የሄደችው ለሥራ በተመደበልዎት፣ ለሥራ ሲወጣ ግን አይተነው በማናውቀው ሞተር ሳይክልዎ አዲስ የፊት ጎማ ነው፤ ልኩ አንድ ሆኖ ስለተገኘ እኔ ለምኜ ጎሚስታው ቀያይሮልናል። ተሸላሚው ጎማ በክብር በእርስዎ ሞተር ላይ ተገጥሟል። ዘበኛው እንዳጫወተኝ፣ ሰኞ ማታ ጎንበስ ብለው ጥርሱን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ካዩት በኋላ ቁልፉን ኪስዎ ከተው ቤትዎ ድረስ በእግርዎ ሄደዋል፤ እስከ ዛሬም በእግርዎ ነዎት። ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ ይህን ያህል ፈጥነው ስለተረዱ፣ በልጄ ስም ከልብ አመሰግናለሁ።