የፈረስን እግርና ጀርባ ለይተው ያወቁት የአቶ ወርቅአገኘሁ ዘርአ ዳዊት የሕይወት ታሪክ

አቶ ወርቅአገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ ዘርአ ዳዊት እሸቴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስናቀች ወልደየስ በአንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር መስከረም 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛው ነበሩ። ታላቃቸው አቶ ገብረአብ ናቸው፤ ታናሻቸው ይህን የምጽፈው እኔ እናናየሁ ነኝ።

ጎረቤላ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታችን ሲታመሙ ትምህርታቸውን ትተው ከአንኮበር ደብረ ብርሃን በፈረስና በበቅሎ እህል ማመላለስ ያዙ። በ1974 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ገብተው ጋሪ ነጂ ሆኑ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰናይት መልካሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጆቻቸውን ቃለ አብን እና ህሊናን አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. አንድ ግራጫ ፈረስ ገዙ። የቀድሞው ፈረሳቸው ይለጎምበት በነበረው ልጓም ለጎሙት፤ የብረት ጫማም እንደዚያኛው አስመቱለት። የግራጫው ሰኮና ግን ስስ ነበር። ምስማሩ ሥጋው ድረስ ዘልቆ እግሩ አመረቀዘ። ማነከሱን ሲያዩ ልግመት መስሏቸው ልጓሙን አጠበቁበት። በሁለተኛው ሳምንት ወድቆ አልተነሣም። በመጨረሻው ቀን በጅራፍ ሊያስነሡት መሞከራቸውን ከቤተሰቡ አልደበቁም። የግራጫው ነገር ሲነሣ ግን ብድግ ብለው ከቤት ይወጡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሳቸውም ሆነ ሌሎች ጋሪ ነጂዎች ለሚያመጡላቸው ፈረስ ዕቃ ከመምረጣቸው በፊት ባዶውን በድንጋዩም በጭቃውም እያስኬዱ አረማመዱን ያዩ ነበር። ሰኮናው ጠንካራ ለሆነው በሞረድ ማስተካከል ይበቃዋል ይሉ ነበር። አስፋልት ላይ ለሚውለው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጫማ ያደርጉለታል። አፉ ለቆሰለው ልጓሙን አውልቀው በአፍንጫው ላይ የሚያርፍ ገመድ ብቻ ይሠሩለታል። ሞገስ የሚባል የሰፈራችን ጋሪ ነጂ፣ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ከእንግዲህ የቀራቸው ጭራውን ትርፍ ነው ብሎ ማስወለቅ ነው እያለ ያሾፍባቸው ነበር። የእሱ ፈረስ ሲያነክስ ግን ቀድሞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የሚመጣላቸው ፈረስ ጥቂት፣ የሚመጣውም የደከመ ሆነ። እሳቸውም ደክመው ነበር፤ ጎንበስ ብለው እግር ማንሣት ግን አልተዉም።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ አሳለፉ። እሳቸውን በማገላበጥ የወይዘሮ ሰናይት ወገብ ተጎዳ። ሁላችንም መዛላችንን ስለሚያውቁ ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ይሳቀቁ ነበር። የጠየቁን አንድ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ሟች ሲሸኝ ፈረሱ በሙሉ ዕቃው ተሸልሞ ይወጣል። የእሳቸው ዳማ ፈረስ ግን ጀርባው ሹል ስለሆነ አንኮበር ያለው የአባታችን ኮርቻ ይበላዋል። “ለእኔ ብላችሁ ጀርባውን እንዳታቆስሉት” አሉን።

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸውና ከሁለቱ ልጆቻቸው ሌላ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል።

አቶ ገብረአብ ግን መርዶውን ሲሰሙ ኮርቻውን ከአንኮበር ይዘው መጡ። ኑዛዜውን ብንነግራቸውም፣ ወንድማቸው ዘመድ እንደሌለው ሰው በባዶ ፈረስ አይሸኝም ብለው ተቆጡ። ከመካከላችን የሚከራከርበት አቅም ያለው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ጫኑት። ከሆዱ ሥር የሚታሰረውን መቀነቻ ሳብ ሲያደርጉ ዳማው ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ተንቀጠቀጠ። አቶ ገብረአብ መቀነቻውን ፈትተው ኮርቻውን አወረዱ።

ስለዚህ ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ ዳማውን በገመድ ብቻ ተይዞ ስታዩት ቤተሰቡ ክብር ነፈጋቸው እንዳትሉን። ኮርቻው አልቀረም፤ ታላቅ ወንድማቸው በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በትከሻቸው ተሸክመውት ከፈረሱ ኋላ ይሄዳሉ።

ድካማቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ዕረፍት ያኑርልን፤ ሲያስታምሙ ለቆዩትም ብርታቱን ይስጥልን።