ጣሪያው ከታች የመጣው ቤት፦ የመምህር ጉልላት ከተማ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጉልላት ከተማ ከአባታቸው ከአቶ ከተማ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ መንበረ አስፋው መጋቢት 12 ቀን 1959 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። በዚያ ብርድ ያደገ ልጅ ዕድሜውን በአፋር ሙቀት ይጨርሳል ብሎ የገመተ ዘመድ አልነበረም። እናታቸው ብቻ ልጃቸው ከምድጃ ዳር አልነሣ ይሉ እንደነበር እያስታወሱ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬያለሁ» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው አጠናቀው በሒሳብ ትምህርት በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1985 ዓ.ም. አዋሽ ሰባት ተመድበው ሲመጡ የያዙት አንድ ሻንጣና አንድ ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ነበር። የተጣመመ መስመር አይወዱም ነበር። በማስመሪያው ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን የተማሪዎችን ሰልፍ ጭምር ይለኩ እንደነበር የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዛሬም እየሳቁ ይመሰክራሉ።

በ1989 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በጅቡቲ በኩል በእርዳታ መጡ። የሚያስተምርባቸው ሰው ጠፍቶ አቧራ ሲጠጡ ከረሙ። በመጨረሻ «በግንቦት ወር ኮሚቴ ይመጣል፤ ሥራ ላይ ካልዋሉ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራሉ» የሚል ደብዳቤ ደረሰ። መምህር ጉልላት እንቅልፍ አጡ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው «ኮምፒውተር ሳትነኩ ከዚህ ግቢ አትወጡም» ብለው ቃል ገብተው ነበርና። ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከዕቃው ጋር ከመጣ የተቀዳደደ መጽሐፍ ብቻቸውን አጠኑ። በዚህ ቋንቋ ሁለት ነጥብ ሰጥቶ «ላይን» ብሎ ያዘዘ ሰው ስክሪኑ ላይ መስመር ያገኛል፤ መጨረሻው ላይ «ቢ» የምትል ፊደል ከጨመረ ደግሞ ሙሉ ሳጥን ይሣልለታል። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ሲያዩ የተሰማቸው ደስታ ወሰን አልነበረውም።

ዳሩ ግን አንድ መስመርና አንድ ሳጥን እንዳዩ መብራት ጠፋ፤ ለሁለት ሳምንትም አልመጣም። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በባለ ካሬ ደብተር ላይ አንድ ቤት ነደፉ፤ ግድግዳው ሳጥን፣ በሩ ሳጥን፣ ጣሪያው ሁለት መስመር። የሒሳብ መምህር አይደሉ? ከፍታውን ሁሉ ከታች ወደ ላይ ቆጥረው ትእዛዞቹን እዚያው ደብተሩ ላይ ጻፉ።

መብራቱ የመጣው ኮሚቴው በመጣበት ጠዋት ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወ/ሪት ሰርክአዲስ ጉግሳ ፕሮግራሙን ከደብተሩ ገልብጠው አስነሡት። ቤቱም ታየ፤ ጣሪያው ከታች፣ በሩ ከላይ።  በወላጆች ተወካይነት የተገኙት የሻይ ቤቷ ባለቤት ወ/ሮ ሀምዳ ከድሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ያ አላህ! ቲቸር፣ ስምህ ጉልላት ሆኖ ጣሪያውን መሬት ታወርደዋለህ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ መምህር ጉልላትም አብረው ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ነገሩ ገባቸው። ስክሪኑ ቁጥሩን ከዜሮ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይጨምራል። ጠመኔ አንሥተው የከፍታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ቁጥር ከሆነው ከ199 ቀነሱ። መቶ ሃምሳ ላይ የነበረው የጣሪያ ጫፍ አርባ ዘጠኝ ሆነ። እሳቸው ሲጠሩ ወ/ሪት ሰርክአዲስ አንዲት ቁጥር ሳይስቱ ጻፉ፤ ቤቱም ቀጥ ብሎ ቆመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ስሕተቱን እፊታችን ያረመ ሰው ማስተማር አያቅተውም» አሉ። አራቱም ኮምፒውተሮች እዚያው ቀሩ፤ ተማሪዎቹም ተራ በተራ ነኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መምህር ጉልላት የሚያስጽፉት ደብዳቤ በዛ፤ በየደብዳቤውም ተመልሶ መታረም ያለበት ስሕተት አይጠፋም ነበር። ወ/ሮ ሰርክአዲስ «ያገባኋቸው ለመገላገል ነው» ይላሉ። ጥር 1990 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኑሀሚንን እና ራጉኤልን ወለዱ።

በ1999 ዓ.ም. በኮምፒውተር አሠልጣኝነት ወደ ሰመራ ተዛወሩ። ያኔ መሥሪያ ቤቶቹ ተራርቀው የተሠሩ፣ መልካቸውም አንድ ዓይነት ስለነበር ባለጉዳይ በፀሐይ ይንከራተት ነበር። እሳቸውም የለመዱትን ቤዚክ ከፍተው እያንዳንዱን ቢሮ በሳጥን፣ መንገዱን በመስመር ሣሉና ለባጃጅ ሾፌሮች አደሉ። የራሳቸውን ቢሮ ግን ረሱት፤ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ሁለት ሰዓት ዘግይተው ገቡ። ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያወሩት ራሳቸው ነበሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሰመራና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሎዛን እና ቁጥር የሌላቸው ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል። እጅግ ጎድለውብናል።

በዚህ ጽሑፍ የኋላ ገጽ ላይ ያ ቤት ጣሪያው ከታች ሆኖ ታትሟል። የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ከማረፋቸው አምስት ቀን በፊት ለልጃቸው ለኑሀሚን «እንዳታርሚው፤ ለቀስተኛው ራሱ ገልብጦ ያቁመው» ብለው አዝዘዋል። ስለዚህ ወዳጆቻቸው ሆይ፣ አልቅሳችሁ ስታበቁ ወረቀቱን ገልብጡላቸው። የመምህራችንን ነፍስ አምላክ በማይፈርሰው ቤቱ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።